ከመዳብ ሰሌዳ እስከ ኤክሴል፦ የግራፍ ዓይነት አመራረጥ ታሪክ

በኤክሴልም ሆነ በሌላ የሰንጠረዥ ፕሮግራም ላይ ቁጥሮችን መርጦ ግራፍ እንዲሠራለት የሚያዝ ሰው ፊት የሚደረደሩት ትናንሽ ሥዕሎች፣ ማለትም ባሩ፣ መስመሩ፣ ክቡና ነጥቡ፣ በአንድ ቀን የተሠሩና አንዱ በሌላው ቦታ ሊገባ የሚችል ይመስላሉ። እውነቱ ግን እያንዳንዱ ሥዕል በተለየ ዘመን፣ በተለየ ሰው እጅና ለተለየ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የተፈጠረ መሆኑ ነው፤ ከተፈጠረበት ጥያቄ ውጭ ሲሠራበት ዛሬም እንደ ጥንቱ ያሳስታል። የግራፍ ዓይነትን በትክክል መምረጥ የሚባለው ችሎታም በአመዛኙ ይህን የትውልድ ታሪክ ከማወቅ የራቀ አይደለም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ቁጥርን በሥዕል መግለጽ ዘግይቶ የመጣ ልማድ ነው። የአውሮፓ ነጋዴዎችና የጉምሩክ ሹማምንት ለዘመናት ሒሳባቸውን በረድፍና በዓምድ ሲጽፉ ኖረዋል፤ ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሬኔ ዴካርት በ1637 ባሳተመው የጂኦሜትሪ ሥራ ቁጥርንና መስመርን ቢያገናኝም፣ የአንድን አገር ገቢና ወጪ ንግድ በመስመር ለመሳል ያሰበ ሰው እስኪገኝ ወደ አንድ መቶ ሃምሳ የሚጠጉ ዓመታት አልፈዋል። በመካከሉ እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ በ1765 ሁለት ሺህ የሚሆኑ የታወቁ ሰዎችን ዕድሜ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ፣ እያንዳንዱን ሰው በአንድ አግድም መስመር እየወከለ፣ ከግራ ወደ ቀኝ በሚሄድ የዘመን ልኬት ላይ አሰፈረ። ጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ የሚፈስ ርቀት ሆኖ ሊሳል እንደሚችል ለብዙው አንባቢ ያሳየው ይህ ሥራ ነበር፤ የጎደለው በቁመት በኩል የሚለካ መጠን ብቻ ነው።

ያንን የጨመረው ዊሊያም ፕሌይፌር ነው። ፕሌይፌር በ1759 በስኮትላንድ፣ ዳንዲ በተባለችው ከተማ አቅራቢያ ከአንድ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ተወለደ፤ አባቱ በ1772 ሲሞት ያሳደገው ታላቅ ወንድሙ ጆን ሲሆን፣ ይህ ወንድም ኋላ በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር ሆኗል። ጆን ታናሽ ወንድሙን በየዕለቱ የቴርሞሜትሩን ንባብ እየመዘገበ ከፍና ዝቅ በሚል መስመር እንዲስለው ያሠራው እንደነበር ፕሌይፌር ራሱ ጽፏል። ከ1777 ጀምሮ በእንፋሎት ሞተሩ ስመ ጥር በሆነው በጄምስ ዋት ዘንድ በንድፍ ሠራተኛነት ተቀጠረ። የሙቀት መጠን በመስመር ሲሳል ያየ፣ የማሽን ንድፍ በልኬት መሳል የተማረ ሰው የፓውንድን ብዛትም በዚያው ዘዴ ቢስል የሚያስደንቅ አይሆንም። በገንዘብ ጉዳይ ግን ስሙ የሚመሰገን አልነበረም፤ በዕዳና በከሸፉ ውጥኖች የተሞላው ሕይወቱ ሥራው በአገሩ ሊቃውንት ዘንድ ለረጅም ጊዜ ችላ ለመባሉ አንዱ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

በ1786 በለንደን ያሳተመው የንግድና የፖለቲካ አትላስ 44 ሥዕሎች ነበሩት፤ ከእነዚህ 43ቱ ዛሬ የመስመር ግራፍ የሚባሉት ናቸው። ሥዕሎቹ በመዳብ ሰሌዳ ላይ ተቀርጸው ከታተሙ በኋላ በእጅ ቀለም ይቀቡ ነበርና አንድን ሥዕል ማበላሸት ሰሌዳውን እንደ አዲስ ማስቀረጽ ማለት ነበር። ስለዚህ የሥዕሉ ዓይነት ሰሌዳው ከመቀረጹ በፊት መታሰብ ነበረበት። ከሁሉ የሚታወቀው እንግሊዝ ከዴንማርክና ከኖርዌይ ጋር ከ1700 እስከ 1780 ያደረገችውን ንግድ የሚያሳየው ነው፤ በአግድም ዓመታቱ፣ በቁመት የፓውንዱ መጠን ተመልክቶ፣ አንዱ መስመር ወደ እንግሊዝ የገባውን፣ ሌላው ከእንግሊዝ የወጣውን ዕቃ ዋጋ ይከተላል። በክፍለ ዘመኑ እኩሌታ ገደማ ሁለቱ መስመሮች ይሻገራሉ፤ ከመሻገሪያው በስተግራ ያለው ክፍተት እንግሊዝ የከሰረችበትን፣ በስተቀኝ ያለው ያተረፈችበትን ሚዛን እንዲያሳይ በተለያየ ቀለም ተቀብቷል። ሰማንያ ረድፍ ያለውን ሰንጠረዥ አንብቦ ይህን መሻገሪያ ለማግኘት ብዙ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ በሥዕሉ ግን ቀድሞ የሚታየው እሱ ነው። የመስመር ግራፍ ተገቢ ቦታም ይኸው ነው፦ አንድ መጠን በተከታታይ ጊዜ ውስጥ እንዴት እንደተጓዘ ሲጠየቅ።

አርባ አራተኛው ሥዕል ግን የተለየ ነበር። ፕሌይፌር ለስኮትላንድ የብዙ ዓመታት መረጃ ሊያገኝ አልቻለም፤ በእጁ የነበረው ከ1780 የገና በዓል እስከ 1781 የገና በዓል የተመዘገበው የአንድ ዓመት ንግድ ብቻ ነው። አንድ ዓመት መስመር ሊሆን አይችልም፤ መስመር ከአንዱ ጊዜ ወደ ሌላው የሚደረግ ጉዞ ስለሆነ በአንድ ነጥብ ላይ የሚሳል ነገር የለም። ስለዚህ ስኮትላንድ ከምትገበያያቸው 17 አገሮችና ቦታዎች ለእያንዳንዱ ሁለት አግድም ዘንግ፣ አንዱን ለገቢ ሌላውን ለወጪ፣ ስሎ አስቀመጠ። ባር ግራፍ በንግድ መረጃ ላይ የተወለደው በዚህ ሁኔታ፣ ከመረጃ ማጠር የተነሣ ነው። ፈጣሪው በሥራው አልተደሰተም፤ ሥዕሉ የጊዜን ሂደት ስለማያሳይ ከሌሎቹ በጥቅም እጅግ ያነሰ መሆኑን እንደ ይቅርታ አድርጎ ጽፎለታል። ዛሬ በየቢሮው ከሚሠሩት ግራፎች ሁሉ የሚበዛው ምናልባት ይህ ፈጣሪው የናቀው ዓይነት ነው፤ ንቀቱም ተገቢ አልነበረም። አገሮችን፣ ክልሎችን፣ የዕቃ ዓይነቶችን ወይም የሥራ ክፍሎችን ጎን ለጎን ለማነጻጸር፣ ማለትም በመካከላቸው መሸጋገሪያ የሌላቸውን ነገሮች ለመመዘን፣ ከባር የተሻለ መሣሪያ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ስኮትላንድ ከአየርላንድ ጋር ያላትን ንግድ ከሩሲያ ጋር ካላት ንግድ በመስመር ማገናኘት ከአየርላንድ ወደ ሩሲያ የሚወስድ የማይገኝ መንገድ መሳል ይሆናል። ይህ ስሕተት በዛሬ ሪፖርቶች ውስጥ የክልሎችን ስም በአግድም ደርድሮ በመስመር በሚያያይዝ ግራፍ ሆኖ በየጊዜው ይታያል።

የአትላሱ መስመሮችም ራሳቸው ከጉድለት የጸዱ አይደሉም። እንግሊዝ ከምሥራቅ ህንድ ጋር ያደረገችውን ንግድ የሚያሳየው ሥዕል ሁለት ወደ ላይ የሚወጡ መስመሮች አሉት፤ አንባቢው በመካከላቸው ያለውን ክፍተት አይቶ የንግድ ጉድለቱን ይረዳል ተብሎ ይጠበቃል። ከሁለት መቶ ዓመታት ገደማ በኋላ አሜሪካዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ዊሊያም ክሊቭላንድ ይህንኑ ሥዕል መርምሮ፣ በ1760ዎቹ ዙሪያ ጉድለቱ በፍጥነት ጨምሮ በፍጥነት እንደቀነሰ፣ ይህም ለውጥ በሥዕሉ ላይ ለዓይን እንደማይታይ አሳየ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ዓይን በሁለት ጠማማ መስመሮች መካከል በጣም አጭሩን ርቀት ይለካል እንጂ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚወጣውን አይለካም፤ መስመሮቹ ተያይዘው ሽቅብ በሚወጡበት ቦታም ሁለቱ ርቀቶች እጅግ ይለያያሉ። መፍትሔው ሌላ ዓይነት ግራፍ መፈለግ ሳይሆን በሰንጠረዡ ላይ ሦስተኛ ዓምድ ጨምሮ አንዱን ከሌላው መቀነስና ልዩነቱን ራሱን መሳል ነው። የሚጠየቀው ልዩነቱ ከሆነ የሚሳለውም ልዩነቱ መሆን አለበት።

ክብ ግራፍ፣ በተለምዶ ፓይ ቻርት የሚባለው፣ በ1801 የመጣ ሲሆን ፈጣሪውም ይኸው ፕሌይፌር ነው። በዚያ ዓመት ባሳተመው አጭር የስታቲስቲክስ መጽሐፍ የአውሮፓ መንግሥታትን የቆዳ ስፋት በተለያየ መጠን ባላቸው ክቦች ሲወክል፣ የቱርክን ግዛት የሚወክለውን ክብ እስያ፣ አውሮፓና አፍሪካ ውስጥ እንዳለው ድርሻ በሦስት ከፍሎ በተለያየ ቀለም ቀባው። ልብ ሊባል የሚገባው ክፍሎቹ ሦስት ብቻ መሆናቸውና ጥያቄው የድርሻ ጥያቄ መሆኑ ነው፦ ከአንድ ሙሉ ነገር ምን ያህሉ በዚህ፣ ምን ያህሉ በዚያ ይገኛል? ዛሬ አሥራ አምስት ክፍል ያለው፣ በአሥራ አምስት ዓይነት ቀለም የተዥጎረጎረና አጠገቡ ካለው የቀለም መግለጫ ጋር እየተመላለሱ ካላዩት የማይነበብ ክብ የሚሠራ ሰው የፕሌይፌርን ክብ አልወረሰም። ድምራቸው መቶ በመቶ የማይሆን ቁጥሮችን፣ ለምሳሌ መላሾች ከአንድ በላይ ምርጫ የሰጡበትን መጠይቅ፣ በክብ መክተት ደግሞ ከናካቴው የሒሳብ ስሕተት ነው፤ ፕሮግራሙ ግን ሳይከራከር ይሠራዋል።

የፕሌይፌር የመጨረሻው ታዋቂ ሥዕል የአመራረጥን ነገር በጣም ከቀረበ ርቀት ያሳያል። በ1821 ስለ እርሻ ችግር ባሳተመው ጽሑፍ ከ1565 እስከ 1821 ያለውን የስንዴ ዋጋ በባር፣ የአንድ ደህና የእጅ ሙያተኛን የሳምንት ደመወዝ በመስመር በአንድ ወረቀት ላይ ሳለ፤ በዛሬ አጠራር ጥምር ግራፍ መሆኑ ነው። ሊናገር የፈለገው ስንዴ ከሠራተኛ ደመወዝ አንጻር በእርሱ ዘመን እንደነበረው ረክሶ አያውቅም የሚል ነበር። ሥዕሉን የሚያየው ሰው ግን ቀድሞ የሚያየው ከታች ቀስ ብሎ የሚወጣ የደመወዝ መስመርና ከላይ እየዘለለ የሚወጣ የስንዴ ዋጋ ነው፤ ስንዴ የተወደደ እንጂ የረከሰ አይመስለውም። ፕሌይፌር ዋጋውን በደመወዙ አካፍሎ አንድ ሩብ ስንዴ (ሩብ ያኔ የእህል መስፈሪያ ነበር) ለመግዛት ስንት ሳምንት መሥራት ያስፈልግ እንደነበር ቢስለው ኖሮ አንድ መስመር ብቻ በቂ በሆነውና ወደ ታች ሲወርድ በታየ ነበር። ግራፍን የፈጠረው ሰው ራሱ የግራፍ ዓይነት ሲመርጥ መሳሳቱ ለተራው ተጠቃሚ መጽናኛ ሊሆን ይችላል። የስሕተቱ ምንጭ ግን ባርና መስመርን መቀላቀሉ አይደለም፤ ሰንጠረዡ ውስጥ ያልተሰላ ነገር ከሥዕሉ ላይ ይነበባል ብሎ ማሰቡ ነው።

የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ቀሪ ታሪክ ሰፊ ነው። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሻርል ጆሴፍ ሚናር በ1858 ለፓሪስ የሥጋ ከብት የሚልኩትን አውራጃዎች በካርታ ላይ በተበተኑ ክቦች አሳየ፤ የክቡ ስፋት የተላከውን ብዛት፣ ክፍሎቹ የሥጋውን ዓይነት ያመለክታሉ። በ1869 የሳለው የናፖሊዮን የሩሲያ ዘመቻ ሥዕል ደግሞ 422,000 ወታደር ሆኖ የኒየመንን ወንዝ የተሻገረው ጦር 100,000 ሆኖ ሞስኮ እንደደረሰና 10,000 ሆኖ እንደተመለሰ እየቀጠነ በሚሄድ ጥብጣብ ያሳያል፤ ይህን ዛሬም ከፕሮግራሙ ዝግጁ ዝርዝር ውስጥ መርጦ መሥራት አይቻልም። እንግሊዛዊቷ ነርስ ፍሎረንስ ናይቲንጌል በዚያው በ1858 በክራይሚያ ጦርነት ያለቁት የእንግሊዝ ወታደሮች አብዛኞቹ በቁስል ሳይሆን ሊከላከሉት በሚቻል በሽታ መሞታቸውን ያሳየችበት ክብ ሥዕል አሥራ ሁለቱን ወራት በእኩል ማዕዘን ከፍሎ የሟቹን ብዛት በቁራጩ ስፋት የሚለካ ነው። ከስታቲስቲክስ አንጻር ሲታይ ተራ ባር ግራፍ የተሻለ በተነበበ ነበር፤ ነገር ግን የናይቲንጌል ዓላማ ሹማምንትን ማንቃት ስለነበር ለዚህ ዓላማ የመረጠችው ሥዕል በዓይነቱ አልተሳሳተም ማለት ይቻላል። የሁለት መጠኖችን ዝምድና የሚያሳየው የነጥብ ግራፍ ከመስመሩ፣ ከባሩና ከክቡ ዘግይቶ ነው የመጣው፤ ጆን ኸርሸል በ1833 ባሳተመው የጥንድ ከዋክብት ጥናት ተጠቀመበት፣ ፍራንሲስ ጋልተን በ1880ዎቹ የወላጆችንና የልጆችን ቁመት ሲያነጻጽር አስፋፋው።

ይህ ሁሉ እስከዚህ ድረስ የጥቂት ሰዎች ጥበብ ነበር። የሃያኛው ክፍለ ዘመን ድርሻ ጥበቡን ወደ ደንብ መለወጥ ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ዊላርድ ብሪንተን በ1914 ስለ ግራፍ አሠራር የጻፈው መጽሐፍ ለሥራ አስኪያጆችና ለመሐንዲሶች ታስቦ የተዘጋጀ ሲሆን፣ እርሱ የመራውና ከተለያዩ የሙያ ማኅበራት የተውጣጣው ኮሚቴ በ1915 አሥራ ሰባት ነጥብ ያለው ረቂቅ ደንብ አወጣ። ከደንቦቹ ውስጥ ሁለቱ ዛሬም ሳይሻሩ የሚሠሩ ናቸው፦ መጠን በተቻለ መጠን በርዝመት እንጂ በስፋት ወይም በይዘት እንዳይገለጽ፣ የመስመር ግራፍም ቢቻል የዜሮውን መነሻ እንዲያሳይ። ሁለተኛው ደንብ በባር ላይ ይበልጥ ይጠብቃል፤ ባር የሚነበበው በርዝመቱ ስለሆነ ከዜሮ ካልተነሣ ርዝመቱ ውሸት ይሆናል፣ መስመር ግን የሚነበበው በአወጣጡና በአወራረዱ ስለሆነ መነሻውን ከፍ ማድረግ አንዳንድ ጊዜ ይፈቀድለታል።

በዚያው ዘመን ስለ ክቡ ክርክር ተነሣ። ብሪንተን ክብ ግራፍን ክፉኛ ነቅፎ ነበር፤ ዋልተር ኤልስ የተባለ አስተማሪ ግን በ1926 ተማሪዎቹን ፈትኖ ክቡ ከባሩ ባልተናነሰ ትክክለኛነት ይነበባል ሲል ጻፈ። በዓመቱ ክሮክስተንና ስትራይከር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ሰፋ ያለ ሙከራ አድርገው ውጤቱ እንደ ድርሻዎቹ መጠን የሚለያይ መሆኑን አሳዩ፤ ድርሻው ወደ ሩብ ወይም ወደ ግማሽ ሲጠጋ ክቡ ያሸንፋል፣ ምክንያቱም ሰው የሰዓቱን ሩብና ግማሽ ሳይለካ ያውቃልና። ይህን ክርክር የሚጠቅሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ኤልስ ክቡን ያወዳደረው ጎን ለጎን ከቆሙ ባሮች ጋር ሳይሆን በውስጡ ከተከፋፈለ አንድ ባር ጋር መሆኑን ነው። የተከፋፈለ ባር፣ አሁን ተደራራቢ ባር የሚባለው፣ ከታችኛው ክፍል በቀር ሌሎቹ ከአንድ መነሻ ስለማይጀምሩ ራሱ ለንባብ አስቸጋሪ ነው። ዊሊያም ክሊቭላንድና ሮበርት መጊል በ1984 ባሳተሙት ጥናት ነገሩን ከሥር አነሡት። ሰው በጣም በትክክል የሚያነበው በአንድ የጋራ ልኬት ላይ የተቀመጠን ቦታ ነው፤ ቀጥሎ ርዝመትና ማዕዘን፣ ከዚያ ስፋት፣ በመጨረሻም የቀለም ድምቀት ይመጣል። ማዕዘንን በማንበብ የሚፈጸመው ስሕተት በጋራ ልኬት ላይ ያለን ቦታ በማንበብ ከሚፈጸመው ሁለት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ፕሌይፌር በ1786 ይቅርታ የጠየቀበት ሥዕል ከ198 ዓመታት በኋላ በፈተና አንደኛ ወጣ ማለት ነው።

ይህ ጥናት በታተመበት ጊዜ ግራፍ ከሠዓሊ እጅ እየወጣ ወደ ኮምፒውተር ቁልፍ መዛወር ጀምሮ ነበር። ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን በ1979 ለአፕል ሁለት ኮምፒውተር ያወጡት ቪዚካልክ፣ የመጀመሪያው ታዋቂ የስፕሬድሺት ፕሮግራም፣ ግራፍ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ የነበረው በአንድ ሳጥን ውስጥ ያለውን ቁጥር በዚያው ብዛት ባላቸው ኮከብ ምልክቶች የሚተካ ትእዛዝ ብቻ ነው። ሰባት የሚለው ቁጥር ሰባት ኮከብ ይሆናል፤ ዓምዱን በሙሉ እንዲህ ያደረገ ሰው አግድም ባር ግራፍ ያገኛል፣ ኮከቡም ከዓምዱ ስፋት በላይ ሊሄድ አይችልም። ሚች ኬፖር ግራፍ የሚስል ተጓዳኝ ፕሮግራም ለዚሁ ቪዚካልክ ሠራ፤ በ1983 መጀመሪያ ደግሞ በራሱ ኩባንያ ሎተስ 1-2-3ን አወጣ። በስሙ ውስጥ ያሉት ሦስት ቁጥሮች ሰንጠረዥን፣ ግራፍንና የመረጃ ቋትን የሚያመለክቱ ናቸው። ተጠቃሚው አምስት ዓይነት ብቻ ነበሩት፦ መስመር፣ ባር፣ ተደራራቢ ባር፣ ክብና የሁለት መጠኖች ግራፍ። ምርጫው ጠባብ ቢሆንም እያንዳንዱን ቁጥር በየትኛው ቦታ እንደሚገባ ተጠቃሚው ራሱ መመደብ ነበረበት፤ ለማተምም ከሰንጠረዡ ወጥቶ ሌላ ፕሮግራም መክፈት ያስፈልገው ነበር። የድካሙ ብዛት ለማሰብ ጊዜ ይሰጥ ነበር።

ማይክሮሶፍት ኤክሴልን በ1985 ለማኪንቶሽ፣ በ1987 ለዊንዶውስ ካወጣ በኋላ ድካሙ እየቀነሰ ሄደ። በ1990ዎቹ የመጡት ባለ ሦስት ገጽታ ባሮችና ክቦች ለዓይን ያማሩ ቢሆኑም በብሪንተን ኮሚቴ ደንብ የተነቀፈውን በስፋትና በይዘት መግለጽ ይዘው መጥተዋል፤ ያዘነበለ ክብ ከፊት ያለውን ድርሻ ያሳድጋል፣ ከኋላ ያለውን ያሳንሳል። ዛሬ ቁጥሮችን መርጦ ኤፍ 11 የተባለውን ቁልፍ መጫን ብቻ የቆመ ባር ግራፍ ያወጣል፤ ከ2013 ጀምሮም ፕሮግራሙ ራሱ ተስማሚ ነው ያለውን ግራፍ ይጠቁማል። ጠቋሚው የሚያየው የሰንጠረዡን ቅርጽ፣ ማለትም ስንት ዓምድ እንዳለ፣ ቀን ወይም ጽሑፍ መኖሩን ነው፤ የተጠየቀውን ጥያቄ ሊያይ አይችልም። ጆን ቱኪ በ1970ዎቹ ያስተዋወቀው የሣጥን ግራፍ፣ የቁጥሮችን ሥርጭት መሐል፣ ሩቦችና ጫፎች የሚያሳየው፣ ከሂስቶግራም ጋር ወደ ኤክሴል ዝግጁ ዝርዝር የገባው ኤክሴል 2016 በተባለው ዕትም ነው። እስከዚያ ድረስ ስለ ሥርጭት የተነሣ ጥያቄ ብዙ ጊዜ በአማካይ ባር ሲመለስ ኖሯል፤ አማካይ ግን ሥርጭትን ይደብቃል።

ይህ ታሪክ በኢትዮጵያ መረጃ ላይ ሲፈተን አንድ ያልተለመደ ችግር ይገጥመዋል፤ እሱም የዘመን አቆጣጠር ነው። ፕሮግራሞቹ የሚያውቁት የጎርጎርዮሳውያኑን አቆጣጠር ስለሆነ አሥራ ሦስተኛ ወር የለባቸውም፤ ወርሃዊ ሽያጭ ወይም ወርሃዊ የሕሙማን ብዛት በኢትዮጵያ ወራት በባር ሲሳልም የአምስት ወይም የስድስት ቀኗ ጳጉሜን በየዓመቱ ሥራው የወደቀ ያስመስላል። እዚህ ላይ የግራፉን ዓይነት መለወጥ አያድንም፤ ጳጉሜንን ከነሐሴ ጋር መደመር ወይም የወሩን ድምር በቀኑ ብዛት ማካፈል ግድ ይላል።

የሕዝብ ቆጠራው ደግሞ የበለጠ ያስተምራል። በኢትዮጵያ እስከ አሁን ሦስት ብሔራዊ ቆጠራዎች ተካሂደዋል፦ በግንቦት 1976 ዓ.ም.፣ በጥቅምት 1987 ዓ.ም. እና በአብዛኛው አገር በግንቦት 1999 ዓ.ም.። ኤርትራን ሳይጨምር የመጀመሪያው 39.9 ሚሊዮን ገደማ፣ ሁለተኛው 53.5 ሚሊዮን ገደማ፣ ሦስተኛው 73.75 ሚሊዮን ሕዝብ አሳይተዋል። ሰንጠረዡ ሦስት ረድፍ ብቻ ያለው ስለሆነ ስሕተት የሚገባበት አይመስልም። ዓመቱን የያዘውን ዓምድ ጨምሮ መርጦ መስመር ግራፍ ያዘዘ ሰው ግን መጀመሪያ የሚያገኘው ከሥር የተጋደመ አንድ ትርፍ መስመር ነው፤ ፕሮግራሙ 1976ን፣ 1987ን እና 1999ን እንደ መጠን ወስዶ ስሏቸዋልና። ያንን አስተካክሎ ዓመታቱን እንደ መለያ ስም ቢያስገባቸው ደግሞ ፕሮግራሙ ሦስቱን ነጥቦች በእኩል ርቀት ያስቀምጣል፤ የመጀመሪያው ደረጃ 13.6 ሚሊዮን፣ ሁለተኛው 20.3 ሚሊዮን ስለሚወጣ ዕድገቱ በአንድ ጊዜ በግማሽ የፈጠነ ይመስላል። በእውነተኛው ርቀት የሚያስቀምጠው የነጥብ ግራፍ ነው፤ የኸርሸልና የጋልተን ግራፍ አግድሙንም ቁመቱንም እንደ መጠን ይቆጥራልና።

ሆኖም እዚያም ላይ ምርጫው አላለቀም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ዓመታቱ ብቻ ቢገቡ ልዩነቶቹ 11 እና 12 ዓመት ሆነው የዓመቱ ጭማሪ ከ1.24 ሚሊዮን ወደ 1.69 ሚሊዮን ያድጋል፤ እነዚሁ ቆጠራዎች በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1984፣ 1994 እና 2007 ተብለው ቢገቡ ልዩነቶቹ 10 እና 13 ይሆኑና ጭማሪው ከ1.36 ወደ 1.56 ሚሊዮን ብቻ ያድጋል። ሕዝቡ አንድ፣ ቆጠራው አንድ ሆኖ መስመሩ በአንዱ አቆጣጠር ገደል ሲሆን በሌላው ለስላሳ ዳገት ይሆናል። ወሩ ሲጨመር ልዩነቶቹ አሥር ዓመት ከአምስት ወር እና አሥራ ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ገደማ መሆናቸው ይታወቃል፤ ጭማሪውም ከ1.3 ወደ 1.6 ሚሊዮን የሚጠጋ ነው፣ ትክክለኛው ሥዕልም ይህ ነው። ስለዚህ የቆጠራን ግራፍ የሚሠራ ሰው ዓመቱን ሳይሆን ቀኑን ያስገባ፤ በ1976 ዓ.ም. ቆጠራ ጦርነት የነበረባቸው አካባቢዎች በግምት የተሞሉ መሆናቸውንም ከሥዕሉ ሥር ይጻፍ። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ የሚነገሩት የሕዝብ ብዛቶች ትንበያዎች እንጂ ቆጠራ አይደሉም፤ ከሦስተኛው ነጥብ በኋላ የሚቀጥለው መስመር የተቆራረጠ መሆን ይገባዋል።